የጤና ዓምድ፦ ከጆሮ ጀርባ የሚወጣ እብጠት ምንድነው?

የዛሬው ርዕሳችን ከእናንተው የመጣ ነው። አምቡሊ ከዘመዶቿ ጋር ተጠግታ የምትኖር አንዲት እህታችን፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጇ ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ ሽምብራ የሚያህል እብጠት ከወጣባት ሦስተኛ ሳምንቱን እንደያዘ ነገረችን። ሰፈርተኛው በሙሉ ሐኪም ሆኖላታል። በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት ጎረቤቷ «ንፍፊት ነው፣ ቶሎ በጋለ ብረት ካልተተኮሰ ወደ አንገቷ ይወርዳል» ብለዋታል። አንዱ ደግሞ «ነቀርሳ ነው» ብሎ እንቅልፍ ነስቷታል። ሌላዋ «ተያት፣ ስታድግ ይጠፋል» ትላለች። ታዲያ የማንን ትስማ? ከአሊ አዴና ከሆልሆል ካምፕም ይህን የመሰለ ጥያቄ ደጋግሞ ስለደረሰን የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

አንብቦ ለመጨረስ ጊዜ የሌለው ካለ ዋናውን ነገር እዚህ ላይ ይያዝልን። ብረቱን አስቀምጡት፣ ምላጩንም አስቀምጡት። ከጆሮ ጀርባ የወጣ እብጠት በልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ቅል ቆዳ ወይም ከጆሮ የመጣ ቀላል ነገር ነው። ሁለት ዓይነቱ ግን ቀልድ አያውቅም። አንደኛው ትኩሳት ያለው፣ የቀላና የሚያም ሆኖ ጆሮን ወደ ፊት የሚገፋው ነው፤ ይሄ በዚያው ቀን ሐኪም ይፈልጋል። ሁለተኛው ምንም ሳያም ለሳምንታት እየቆየ የሚያድገው ነው፤ ይሄኛው ምርመራ ይፈልጋል። ሁለቱንም መተኮስ አያድናቸውም፣ እንዲያውም ያብሳቸዋል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

መጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ የልጁን ሌላኛውን ጆሮ መዳሰስ ነው። ሳቅ አይምጣባችሁ! ከጆሮ ጀርባ ሁላችንም ጉብ ያለ ጠንካራ አጥንት አለን። ልጅ ሲከሳ ይሄ አጥንት ጎልቶ ይወጣና እናት በድንገት እጇ ሲያርፍበት ትደነግጣለች። በሁለቱም በኩል እኩል ከሆነ፣ ጠንካራ ከሆነና ካልተንቀሳቀሰ አጥንቱ ነው፤ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። በአንድ በኩል ብቻ ያለ ወይም በጣት ሲገፉት ከቆዳ ሥር የሚንሸራተት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ያ የሚንሸራተተው ነገር ንፍፊት ነው። ንፍፊትን የማያውቅ ሀበሻ የለም። በልጅነታችን እሾህ እግራችንን ወግቶን ሲያመረቅዝ ብሽሽታችን ላይ ያብጥ የለ? እግሩ ሲድን ብሽሽቱም ይሟሽሻል። ከጆሮ ጀርባ የሚወጣውም አሠራሩ ያው ነው። ሰውነታችን በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽት፣ ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት በላይ ትንንሽ እጢዎች አሉት። እነዚህ እጢዎች እንደ ኬላ ናቸው፤ በአካባቢያቸው የሚያልፈውን ጀርም ይዘው ያስቀራሉ፣ ሥራ ሲበዛባቸውም ያብጣሉ። የብሽሽቱ ኬላ የእግር ነው። ከጆሮ ጀርባ ያለው ኬላ ደግሞ የራስ ቅል ቆዳና የጆሮ ነው። ስለዚህ እብጠቱን ትታችሁ «ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብሽሽቱ ያበጠን ልጅ እግሩን ሳታዩ ብሽሽቱን አትተኩሱም አይደል?

ለዚህች እህታችንም የነገርናት ይህንኑ ነው፤ ልጅቷን ብርሃን ላይ አስቀምጪና ሹሩባዋን ፈትተሽ ጭንቅላቷን በደንብ እዪ። ፈታ ስታይ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ ሳንቲም የሚያህል፣ ፀጉሩ የተሰባበረና ነጭ ቅርፊት የያዘ ቦታ አገኘች። ቆረቆር ነው። ሹሩባው ሸፍኖት ለሳምንታት ማንም አላየውም።

ቆረቆር በካምፕም በከተማም ተጨናንቀው በሚኖሩ ልጆች ላይ እጅግ የበዛ ነው። የሚያመጣው ፈንገስ ነው። ማበጠሪያ፣ ቆብ፣ ሻሽ፣ ትራስና የፀጉር መላጫ አብሮ በመጠቀም ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከሱቅ ቅባት ገዝቶ መቀባት ቆረቆርን አያድነውም፤ ፈንገሱ የፀጉሩ ግንድ ውስጥ ስለሚገባ ቅባቱ አይደርስበትም። የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ግሪሲዮፉልቪን የሚባለው ሲሆን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። በሁለተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ሲለቅ «ዳነ» ብሎ ማቆም የተለመደ ነው፤ ያኔ ተመልሶ ይመጣል። ሴት ልጅን ግን ለዚህ ብላችሁ መላጨት ግዴታ አይደለም። ልጅቷ በጓደኞቿ ፊት የምታፍረውን ማሰብ ያስፈልጋል።

ቅማልም ከጆሮ ጀርባ እብጠት ያመጣል። ቅማልና ቅጫም ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት ላይ መሰብሰብ ይወዳሉ፤ ልጁ ሲያክ ቆዳው ይቆስላል፣ ቁስሉ ጀርም ይይዛል፣ ኬላው ያብጣል። መፍትሔው ፀጉሩን አርጥቦ ጥርሱ ጠባብ በሆነ ማበጠሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል በየሁለት ሦስት ቀኑ ማበጠር፣ ከተገኘም ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የቅማል መድኃኒት መቀባት ነው። ላምባ በልጅ ጭንቅላት ላይ አታፍስሱ! ይሄን ደጋግመን ብንጽፈው አይሰለቸንም። ላምባ ቆዳን ይልጣል፣ ልጁ ቢውጠው ሳምባውን ይጎዳል፤ ከሰል በሚነድበት ጠባብ ቤት ውስጥ ደግሞ እሳት ለመያዝ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች።

በጅቡቲ በጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ አሸዋውን ይዞ ሲነሳና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ የልጆች ጭንቅላትና ግንባር ላይ ሙቀት ያመጣው ሽፍታና ብጉንጅ ይወጣል። ብጉንጁ ሲያመረቅዝ ከጆሮ ጀርባ ያለው እጢ ያብጣል፣ ሲነኩትም ያማል። በጣም ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ሥሩን ሲያቆስለው፣ አዲስ የተበሳ ጆሮ ሲያመረቅዝም እንዲሁ ነው። የእነዚህ ሁሉ ጠባይ አንድ ነው፤ ቁስሉ ሲድን እብጠቱ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ባቄላ የሚያህለው ምስር ያክልና ምናልባትም ለወራት እንደዚያው ይቀራል። ትንሽ፣ ለስላሳ፣ የሚንሸራተትና የማያድግ ከሆነ ግድ የለም፣ ተዉት። እየደጋገማችሁ አትሹት፣ ማሸት ራሱ ያሳብጠዋልና።

አሁን ወደ አስቸኳዩ እንምጣ። ልጁ ጆሮው መግል ይፈሰው ነበር እንበል። ለጥቂት ቀን ቆመ፣ ወይም ፈሳሹ ጨመረ፤ ከዚያ ከጆሮው ጀርባ ያለው ቦታ ቀላ፣ ሞቀ፣ አበጠ፣ ሲነኩት ልጁ ይጮሃል፣ ትኩሳትም አለው። ከፊት ለፊት ስታዩት ያበጠው ጆሮ ከሌላኛው ይልቅ ወደ ፊትና ወደ ታች ተገፍቷል። ይሄ ንፍፊት አይደለም። ቅድም የነገርናችሁ አጥንት ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ የጆሮው መግል እዚያ ገብቶ አጥንቱን እየበላው ነው ማለት ነው። ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ሐኪሞች «ማስቶይዲት» ይሉታል። ከዚያ አጥንት እስከ አንጎል ያለው ርቀት ቀጭን ግድግዳ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ድረስ አትጠብቁ፣ ከካምፕም ሆነ ከከተማ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና። ልጁ አንገቱ ከገተረ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሰው፣ ፊቱ በአንድ በኩል ከተጣመመ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ደግሞ ደቂቃም አታባክኑ።

እዚህ ደረጃ ላይ እንዳይደርስ የሚፈስ ጆሮን «የልጅ ነገር ነው» ብሎ መተው አይገባም። ጤና አዳም መጭመቅ፣ ነጭ ሽንኩርት መክተት፣ የሞቀ ቅቤ ወይም የእናት ጡት ወተት ማንጠባጠብ ሁሉም ይቅር። ንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ እንደ ክር ጠቅልላችሁ ጆሮው ቀዳዳ አፍ ላይ እያስገባችሁ ፈሳሹን እንዲመጥ አድርጉ፤ እስኪደርቅ ድረስ በቀን ሦስት ጊዜ እየቀያየራችሁ። ክብሪት እንጨትና ላባ አይገባም። ውሃም አይገባ። ዝናብ ጥሎ የአምቡሊ ወንዝ አሸዋው ላይ ውሃ ሲያቁር ልጆች ሲንቦጫረቁ እናያለን፤ ጆሮው የሚፈሰው ልጅ ከነዚያ ውስጥ መሆን የለበትም። ከሁለት ሳምንት በላይ የፈሰሰ ጆሮ የጠብታ መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ ችላ ከተባለ መስማት ያሳጣል።

ጆሮ ደግፍንም ከዚህ ጋር የሚያምታቱት አሉ። ጆሮ ደግፍ የሚያብጠው ከጆሮ ጀርባ ሳይሆን ከጆሮ ፊትና ከሥር፣ መንጋጋው ላይ ነው፤ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ልጁ ሲያኝክና ኮምጣጣ ነገር ሲቀምስ ያመዋል። ካበጠበት ቀን ጀምሮ ለአምስት ቀን ከሌሎች ልጆች ለይታችሁ አቆዩት። ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ከያዘውና የዘር ፍሬው ካበጠ ሐኪም ይየው። ከእብጠቱ ጋር በመላ ሰውነት ላይ ቀይ ሽፍታ ከመጣ ደግሞ ኩፍኝ ወይም ሩቤላ ሊሆን ይችላል። ሩቤላ በተለይ ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት በላይ ያሉትን እጢዎች ያሳብጣል። ልጁን ብዙም አያሳምመውም፤ ነፍሰ ጡር ሴት ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከያዛት ግን የፅንሱን ዓይን፣ ጆሮና ልብ ሊጎዳ ስለሚችል ሽፍታ ያለበትን ልጅ ከነፍሰ ጡሮች አርቁ፣ ለጤና ሠራተኛውም ንገሩ።

አዋቂዎች ላይ ለዓመታት ቆይቶ ቀስ እያለ የሚያድግ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው፣ ሲጫኑት አይብ የመሰለ ሽታ ያለው ነገር የሚወጣው እብጠት ከቆዳ ሥር የሚጠራቀም ነው። አደጋ የለውም። እቤት አትጭመቁት፣ ካስቸገራችሁ ሐኪም ያወጣዋል።

አሁን የቀረው ያ ሰው ሁሉ ስሙን ለመጥራት የሚፈራው ነው፤ ነቀርሳ። እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ ብዙ ሰው አስደንግጧል። በአማርኛ «ነቀርሳ» ሲባል አንዳንዱ ቲቢን ይረዳል፣ አንዳንዱ ካንሰርን ይረዳል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ቃሉ ለሁለቱም ያገለግላልና። ለዚያች እህታችን «ነቀርሳ ነው» ያላት ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ እሷም አልጠየቀችውም፣ እሱም ሳያውቀው አይቀርም። ካንሰር በልጅ ጆሮ ጀርባ ብርቅ ነው። አዋቂ ሰው ላይ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ሥር ይዞ የማይንቀሳቀስ፣ ያለማቋረጥ የሚያድግ እብጠት ሲታይ መጠርጠርና መመርመር ያስፈልጋል። እኛ ሀበሾች ዘንድ በብዛት የሚገኘው ግን ቲቢው ነው፣ ያውም የእጢ ቲቢ።

የእጢ ቲቢ በብዛት የሚወጣው አንገት ላይ ነው፤ ከጆሮ ሥርና ከጆሮ ጀርባም ይወጣል። ጠባዩ እንዲህ ነው፦ አያምም። ቀስ ብሎ በሳምንታትና በወራት ያድጋል። አንዱ እጢ ሁለት ሦስት ይሆንና እንደ ወይን ዘለላ እርስ በርሱ ይያያዛል። ከዚያ መሐሉ ይለሰልስና ሳይሞቅ፣ ሳይቀላ ፈንድቶ መግል ያወጣል፤ ቁስሉም ዓመት ቢቆጠር አይደርቅም። አንዳንዱ ሰው ማታ ማታ ያተኩሰዋል፣ ያልበዋል፣ ይከሳል፤ ብዙው ግን ከእብጠቱ በቀር ምንም አይሰማውም። ያ ነው ሰውን የሚያዘናጋው። በአገራችን በኢትዮጵያ ከሚገኙት የቲቢ ሕሙማን ከሦስቱ አንዱ ገደማ ቲቢው ከሳምባ ውጪ ያለ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው የእጢው ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተፈላ ወተት በመጠጣት ከከብት የሚመጣ ነው ሲባል ኖሯል። ወተት አፍልቶ መጠጣት ዛሬም ግድ ነው፤ ነገር ግን ከሕሙማኑ እጢ ተወስዶ በላቦራቶሪ ሲመረመር በብዛት የተገኘው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው የቲቢ ጀርም ነው።

ጅቡቲም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከሕዝቧ ቁጥር አንጻር ቲቢ በዓለም ላይ እጅግ ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ቀንሷል። ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በሌላው ዓለም እምብዛም የማይገኝ አንድ የቲቢ ጀርም ዘር በብዛት የታየው እዚሁ ጅቡቲና በአፍሪካ ቀንድ ነው። በፓሪስ የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ጆርጅ ካኔቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለለየው በስሙ ካኔቲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1997 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በዝርዝር ያጠኑትም በሶማሊያ ከተወለደ፣ እጢው ካበጠ ታካሚ የተገኘውን ነበር። ይህ ዘር እንደ ሌላው ቲቢ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም፤ ተመራማሪዎች ከአካባቢው የሚገኝ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ከተለመዱት አራት መድኃኒቶች አንዱ፣ ፒራዚናማይድ የሚባለው፣ አይነካውም፤ ሌሎቹ ግን ይሠሩበታል። ይህን የምንጽፈው ልናስፈራችሁ ሳይሆን፣ ናሙና ሰጥቶ መመርመር ለምን እንደሚጠቅም እንድታውቁት ነው።

እንግዲህ መተኮሱ እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። የቲቢ እጢ ውስጥ ያለውን ጀርም ከላይ ቆዳውን ማቃጠል አይገድለውም። የተተኮሰው ቦታ ይቆስላል፣ በቁስሉ ሌላ ጀርም ይገባል፣ በምላጭ የተበጣ ደግሞ የማይደርቅ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ምላጩ ተራ በተራ ለብዙ ሰው ካገለገለ ኤችአይቪንና የጉበት በሽታን ይዞ ይዞራል። «ግን እኮ እኔ ተተኩሼ ድኛለሁ» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። አይዋሹም። ተራ ንፍፊት ሳይተኮስም ይጠፋል፣ የቲቢውም እጢ አንዳንዴ ለጊዜው ይቀንስና ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ በመሐል ብረቱ ይመሰገናል። በዚህ ነገር እኛ ብቻ አይደለንም። በእንግሊዝና በፈረንሳይ ለብዙ መቶ ዓመታት ይህ የአንገት እጢ የንጉሥ እጅ ሲነካው ይድናል ተብሎ ሕሙማን በቤተ መንግሥት በር ይሰለፉ ነበር፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 10ኛ እ.ኤ.አ. በ1825 እንኳ ዘውድ ከጫነ በኋላ ሕሙማንን ዳብሷል። ሮበርት ኮህ የቲቢን ጀርም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ንጉሡም ብረቱም የተመሰገኑት በራሱ ጊዜ በቀነሰው እጢ ነው።

ምርመራው አያስፈራም። ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ከእጢው ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ ይስባል፤ እንደ ክትባት መርፌ ያህል ቢያምም ነው። ፈሳሹ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ጂንኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ካለም በሁለት ሰዓት ውስጥ የቲቢ ጀርም መኖር አለመኖሩን ይናገራል። ቲቢ ከሆነ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ቀጥሎ አራት ወር ሁለት ዓይነት መድኃኒት። መድኃኒቱ በመንግሥት የቲቢ ፕሮግራም በነፃ የሚሰጥ ነው። በጅቡቲ ከተማ ለረጅም ዘመን ፖል ፎር በሚል ስም የሚታወቀው የቲቢ ሆስፒታል አለ፤ ከካምፕ ግን መጀመሪያ የካምፑ ጤና ጣቢያ ይየው። ሪፋምፒሲን የሚባለው ኪኒን ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ደም አይደለም፣ አትደንግጡ። ሌላ ደግሞ ማወቅ ያለባችሁ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ሳለ እጢው ለጊዜው ሊያብጥ ወይም አዲስ ሊወጣ ይችላል። ብዙዎች «አልሠራም» ብለው የሚያቆሙት ያኔ ነው። አታቁሙ፣ ለሐኪሙ አሳዩት። ዓይን ወይም ቆዳ ቢጫ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ሂዱ፣ መድኃኒቱ ጉበትን እየነካ ሊሆን ይችላል።

የእጢ ቲቢ ብቻ ያለበት ሰው ለሌላ አያስተላልፍም። ሳህኑን አትለዩበት፣ ፍራሹንም አትለዩበት። ልጅ ላይ ሲገኝ ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከማን ያዘው? ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል አዋቂ አለ፤ አያት፣ አጎት፣ ወይም አብሮ የሚያድር እንግዳ። ሶማሌዎቹ ጎረቤቶቻችን ቲቢን «ቃሖ» ይሉታል፣ እነሱም ዘንድ እንደኛው ስሙ ስለሚያሳፍር ሳሉን ብርድ ነው እያሉ ይደብቁታል። ልጁ ሲታከም የሚያስለው ሰው ካልተመረመረ ቤቱ አልታከመም። የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ይጠየቃል፣ ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ነው እንጂ ማንንም ለማዋረድ አይደለም።

ብዙ ወገኖቻችን ከሕክምና የሚሸሹት ግን በሌላ ምክንያት እንደሆነ እናውቃለን። «ቲቢ ከተገኘብኝ ኬዜ ይበላሻል፣ ሪሴትልመንት ይቀርብኛል» የሚል ወሬ በየካምፑ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ ስደተኞች ከጉዞ በፊት በሚደረገው ምርመራ የሚተላለፍ የሳምባ ቲቢ ሲገኝ ጉዞው ሕክምናው እስኪያልቅ ይዘገያል፤ ታክሞ የዳነ ሰው ይሄዳል። የእጢ ቲቢ ደግሞ ተላላፊ አይደለም። አሁን ታክሞ ወረቀቱን የያዘ ሰው፣ በመጨረሻው ሰዓት ከተገኘበት ሰው ይልቅ ቶሎ ይሄዳል። ስለዚህ የተሰጣችሁን የሕክምና ካርድ አትጣሉ፣ ከስደተኛ ወረቀታችሁ ጋር አስቀምጡት።

«አምቡሊ ያለሁት ያለ ፈቃድ ነው፣ ሆስፒታል ብሄድ ያፍሱኛል» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ የተመዘገበ ስደተኛና ጥገኝነት ጠያቂ የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ካርድ ወይም ከኦናርስ የተሰጠ አታስታሲዮን ያለው ይዞት ይሂድ። የሌለው ደግሞ መጀመሪያ መመዝገብ እንዲችል ኦናርስን ወይም ዩኤንን ይጠይቅ፤ ከላይ ያልነው የጆሮ አጥንት ሕመም ግን ለምዝገባ ወረፋ አይጠብቅም።

ሐኪሙ ዘንድ ስትቀርቡ አማርኛ የሚያውቅ ላታገኙ ትችላላችሁ። ጥቂት የፈረንሳይኛ ቃላት ያዙ። «ደሪየር ሎሬይ» ከጆሮ ጀርባ ማለት ነው። «ፊየቭር» ትኩሳት፣ «ሴሜን» ሳምንት፣ «ሙዋ» ወር ነው። «ኦቲት» ካሏችሁ የጆሮ ሕመም፣ «ኦሬዮን» ካሏችሁ ጆሮ ደግፍ ነው። «ጋንግሊዮን» ሲሏችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ የበሽታ ስም አይደለም፣ እኛ ንፍፊት የምንለውን እጢ ነው የሚጠሩት። «ፖንክሲዮን» ያሉት ያ የቀጭን መርፌ ምርመራ ነው፣ እሺ በሉ። ከመሄዳችሁ በፊት እብጠቱ የታየበትን ቀን፣ ምን እንደሚያህል፣ ልጁ ቲቢ ካለበት ወይም ከሚያስል ሰው ጋር ይኖር እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ከፋርማሲ ገዝታችሁ የሰጣችሁት መድኃኒት ካለም ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ካላችሁ፣ እብጠቱ የቀነሰ ቢመስላችሁም ተመለሱ፤ ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ከቀረ ናሙና የሚወሰደው ያን ጊዜ ነው።